ጡት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በጅማ ከተማ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ አንዱ ጡታቸው ከሌላው ስለሚበልጥ ወይም ከወሊድ በኋላ ስለወረደ ብቻ ታምሜያለሁ ብለው የሚሳቀቁ እናቶች በተደጋጋሚ ያጋጥሙኛል። አንዲት እናት ጡቷ ትንሽ በመሆኑ ልጇን የማታጠግብ መስሏት፣ ገና በሁለተኛው ሳምንት ከሂርማታ ገበያ የዱቄት ወተት አስገዝታ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የጡት መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በውስጡ ባለው ስብ ሲሆን፣ ወተት የሚያመነጩት ግን እጢዎቹ ናቸው፤ ወተቱም ሕፃኑ አዘውትሮ በጠባ መጠን ይጨምራል። የግራና የቀኝ አለመመጣጠን እጅግ የተለመደ ነው፤ ቅርጹም በዕድሜ፣ በእርግዝናና በክብደት ለውጥ ይለዋወጣል። የጡት ጫፋቸው ከተፈጥሮ ወደ ውስጥ የገባ ጤነኛ ሴቶችም አሉ። ይህን ባሎችም ቢያውቁት እወዳለሁ፤ የሚያቆስለው ቃል ብዙ ጊዜ ከቤት ይነሣልና።

ሳይዘገይ ለሐኪም መታየት ያለበት አዲስ የመጣ ለውጥ ነው፦ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ በቅርቡ ወደ ውስጥ የገባ ጫፍ።

የጤና ዓምዳችሁ ይህን ልዩነት በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እንዲያስረዳ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንዲት አዋላጅ ነርስ፣ ከጅማ