በ100 ብር አንድ ፊደል አስጽፉልን

ሰላም ወገን። ሳላንዛዛ ልናገር፦ 45 ሺህ ብር እንፈልጋለን።

የፒያሳ ታፔላዎች ላይ በእጅ ይጻፍ የነበረውን ፊደል ኮምፒውተርና ስልክ ላይ የሚሠራ ፎንት (የመጻፊያ ፊደል መልክ) እያደረግነው ነው። ሦስት ጓደኛሞች ነን፤ የምንሠራው ከሥራ መልስ ማታ ማታ ነው። ሲያልቅ ማንም በነፃ ያወርደዋል።

ነገሩ የጀመረው በ2016 የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈርና አካባቢው ሲፈርስ ነው። ልቤ አልችል ሲል ስልኬን ይዤ ታፔላ ፎቶ ሳነሳ ሰነበትኩ። «ልብስ ስፌት»፣ «ጫማ እድሳት»፣ «ምሳ ቤት»፤ ላሜራ ላይ በዘይት ቀለም የተጻፉ፣ ጥላ የተጣለላቸው፣ ቦታ አልበቃ ሲል የመጨረሻዋ ፊደል ጥግ ላይ ተጨምቃ የገባችባቸው። አሁን የሚሰቀለው ባነር ሁሉ ከአንድ ኮምፒውተር የወጣ ይመስላል። ሥጋ ቤቱም ፋርማሲውም የሬሳ ሳጥን መሸጫውም አንድ መልክ ሲይዙ፣ እውነቴን ነው፣ ይደብራል።

ፎቶ ማንሳቱ ቀላል ነበር። ግን ታፔላ ላይ ሁሉም ፊደል አይገኝም። ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደሎች የሚለዩበት የጋራ ዝርዝር ነው) የፊደላችን ዋናው ክፍል ብቻ፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ፣ 358 ምልክት አለው። እኛ ከፎቶ የለቀምነው 112 ነው። የጎደለውን ፎንትፎርጅ በሚባል የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም እየገጣጠሙ መሙላት እስከተወሰነ ድረስ ይሄዳል፤ «ለ» ቀኝ እግሩ ላይ ቀለበት ሲጠለቅለት «ሌ» ይሆናል። ሳድስ ላይ ስንደርስ ግን ያበቃል። «ል»ን ከ«ለ»፣ «ን»ን ከ«ነ»፣ «ር»ን ከ«ረ» የሚያወጣ አንድ ሕግ የለም። እኛ የሞከርናቸው ደግሞ ያስቁ ነበር።

ስለዚህ አንድ የድሮ ታፔላ ጻፊ አፈላልገን አገኘን። ጋሼ ዕድሜያቸውን በብሩሽ የኖሩ ናቸው፤ አሁን ሥራ የለም። የጎደሉትን ፊደሎች ዝርዝር ስሰጣቸው መነጽራቸውን አድርገው አዩና «ይቺን ‹ጿ› የምትሏትን ለማን ሱቅ ነው የምጽፋት?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ብሩሹን ነከር አድርገው፣ እኔ ሁለት ማታ የታገልኳትን ፊደል ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ጨረሷት።

በፊደል 100 ብር ተስማምተናል። 246 ፊደል ይቀራል፣ 24,600 ብር። «ለባህል ነው» እያሉ ባለሙያን በነፃ ማሠራት አልወድም። 14 ሺህ ብሩ ያገለገለ የስዕል ታብሌት መግዣ ነው፤ 6,400ው ለወረቀት፣ ለስካንና ለሙከራ ህትመት። ለእኛ ሰባራ ሳንቲም የለም።

አሁን ያለበትን አልደብቅም። በትንሹ ሲጻፍ «ቡ» እና «ቢ» ይምታታሉ፤ ቅጥሏ ከወገብ ትውጣ ከእግር አይለይም፣ አንዳንድ ስልክ ላይ ቡና ቤቱ «ቢና ቤት» ሆኖ አርፏል። «ፍርፍር» ብላችሁ ስትጽፉ ደግሞ ፊደሎቹ ከመራራቃቸው የተነሳ እውነትም ተፈርፍረዋል። ይሄ በየሁለቱ ፊደል መሀል ያለውን ክፍተት አንድ በአንድ ማስተካከል የሚጠይቅ አሰልቺ ሥራ ነው፤ የእኛ ድርሻ ስለሆነ እንወጣዋለን።

ፎንቱ የሚወጣው በኦፕን ፎንት ላይሰንስ ነው። ለመጽሐፍም፣ ለቲሸርትም፣ ለምትከፈሉበት ሥራም ተጠቀሙበት፣ አሻሽሉት። ክልክሉ ፎንቱን ለብቻው መሸጥ ነው።

ቴሌብር ቁጥሩን ለጠየቀኝ ሁሉ በውስጥ መስመር እልካለሁ። 100 ብር የላከ አንድ ፊደል አስጻፈ ማለት ነው፤ የትኛዋን እንደሆነ መምረጥም ይችላል («ጿ» ተይዛለች)። 50ም 20ም ይገባል። የገባውንና የወጣውን በየሳምንቱ አርብ ከነደረሰኙ እንለጥፋለን። ብሩ ካልሞላ መጀመሪያ የሚከፈለው ለጋሼ ነው፤ ታብሌቱ ይቅርና በማውስ እንታገላለን።

ብር የሌለው አሮጌ ስልኩ ላይ ይሞክርልን፣ ወይም የድሮ ታፔላ ፎቶ ካለው ይላክልን። በተለይ «ዠ» ያለበት። እስካሁን አንድም አላገኘንም።