የአንገረብ ወንዝ ዳር የደለል ማቆያ ጉድጓድ ፈርሷል፤ በጋው ሳያልፍ ድረሱልን

ውድ የማህበራችን አባላት፣ የሰፈራችን ሰዎች፣ ውጭ ያላችሁ የጎንደር ልጆች፤

የክረምቱ ጎርፍ የደለል ማቆያ ጉድጓዱን ግድግዳ ይዞት ሄደ። ከታች ፍሳሹን እንዲያጣራልን ከተከልነው ደንገልና ፊላ ገሚሱ ጭቃ ተጭኖታል። ገሚሱ እግዜር ይመስገን ቆሟል። ግድግዳው ካልተጠገነ ግን የሚቀጥለው ክረምት እሱንም አይምረውም። መዋጮው ከፋሲካ ወዲህ ቀዝቅዟል። ኑሮ መክበዱን እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል። ቢሆንም ደግመን እንለምናችኋለን።

ቦታው የቆሻሻ መድፊያ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ወፍ ያርፍበታል። ይህን ያደረገው የእናንተ ብር ነው።

ክፍያ በማህበሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በእድሩ ሰሌዳና በአባልነት ደብተራችሁ ላይ አለ። በቴሌብር ስትልኩም ወደዚያው ሂሳብ ይሁን።

«ችግኝ መግዛት ሲገባችሁ ለምን ሲሚንቶና ድንጋይ ላይ አፈሰሳችሁት?» የሚል ቅሬታ ደጋግሞ ደርሶናል። ደንገልና ፊላ ከፍሳሹ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ይመገባሉ። በልኩ ሲሆን ያፋፋቸዋል። ሲበዛ ግን ቁመታቸው ይረዝምና አገዳቸው ይደክማል፤ ንፋስ ይጥላቸዋል። ቆሻሻው ሲበሰብስ በጭቃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚጨርሰው ሥሮቻቸው ይታፈናሉ። ውሃው ላይ አልጌ ሲነጠፍ ደግሞ ከሥር ላለው ተክል ብርሃን አይደርሰውም። ጉድጓዱ ወፍራሙን አስቀርቶ እጽዋቱ የሚችሉትን ያህል ነው የሚያሳልፍላቸው። ያለ እሱ ሺህ ችግኝ መትከል ገንዘብ ጭቃ ውስጥ መቅበር ነበር። ለአጫጆች የከፈልነውም በከንቱ አይደለም፤ ደንገል ካልታጨደ እዚያው ይበሰብስና የበላውን ለውሃው ይመልሳል። ደረሰኙ ሁሉ እድሩ ቢሮ አለ። ማንም መጥቶ ያገላብጥ።

አንገረብ መገጭ ወንዝ ይገባል፣ መገጭ ጣና ይገባል። የልብስ እጣቢያችን፣ የሽንት ቤት ፍሳሻችን፣ ከየማሳው የሚታጠበው ማዳበሪያ ጣና ዳር ደንቢያ ሲደርስ እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም ይቀልባል። እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የደንቢያ ገበሬ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ይነቅላል፤ እኛ ከላይ እንመግበዋለን። በቀሃ ውሃ ፋሲል መዋኛ ጥምቀትን የሚያከብር፣ ለሶላት ውዱ የሚያደርግ ሕዝብ ይህን ዝም ማለት የለበትም። በፈጣሪም ፊት ያስጠይቃል።

በድጋሚ፦ በማህበሩ ስም፣ በባንክ ሂሳቡ ብቻ። በግል ስሙ የሚጠይቃችሁ ካለ አትስጡ። ስትልኩ «ለግድግዳው» ብላችሁ ጻፉበት፤ ደረሰኙንም ለገንዘብ ያዡ አሳዩ። ውጭ ያላችሁ ቁጥሩን ከቤተሰብ ጠይቁ። ብር ያጠረው ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዞ ይምጣ፤ ድንጋይ የሚያቀብል ሰው እንፈልጋለን።

የማህበሩ ኮሚቴ፣ ጎንደር