ጥንታዊው ዳሞት ከዓባይ ወዲህ ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በነሐሴ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓለ ዕረፍት ምክንያት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ተማሪዎቼ ትምህርት ሲከፈት ይዘውልኝ መጡ። አብሮት የታተመው ካርታ ስህተት አለበት። ጻድቁ ከቡልጋ ተነሥተው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ የዳሞቱን ንጉሥ ሞተለሚን ጎጃም ውስጥ እንዳስተማሩ ያሳያል።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዳሞት የሚባለው አገር ከዓባይ በስተ ደቡብ፣ ከሙገር ወንዝ ምዕራብ ነበር። የጎጃሙ ዳሞት ስሙን ያገኘው በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በኦሮሞ መስፋፋት ጊዜ ዓባይን ተሻግረው እዚያ ከሰፈሩ የዳሞት ሰዎች ነው።

ነገሩ የካርታ መስመር ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር አላነሣም ነበር። ገድሉ እንደሚለው ሞተለሚ ሸዋን ወርሮ የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን ማርኮ ወሰዳት። ሊያገባት ሠርግ ደግሶ ሳለ ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ነጥቆ ወደ ባሏ ወደ ጸጋ ዘአብ መለሳት። ዛሬ በስፋት የሚነበበው የደብረ ሊባኖስ ገድል የተጻፈው ጻድቁ ካረፉ ከ200 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ያን ያህል ዘመን አልፎም የዳሞት ንጉሥ ስም በሸዋ አልተረሳም ማለት ነው። ዳሞት በዓፄ ዓምደ ጽዮን የተገዛው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። እንግዲህ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እናታቸውን በማረከው ንጉሥ ፊት የቆሙት ከኋላቸው የንጉሥ ጦር ሳይኖር ነው! እናንተ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋችሁት፣ ገጹን ሁሉ ለክንፋቸውና ለተቆረጠው እግራቸው ሰጣችሁት። የእግራቸውን ተጋድሎ እኔም አምናለሁ፤ በዓላቸውንም አከብራለሁ። ዳሞት ግን የሕይወታቸው ትልቅ ምዕራፍ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ ስመ ጥር ሰባኪ ሆነው ሳለ፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወርደው በአባ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር እንደ ጀማሪ ተማሪ ተቀምጠዋል። ይህም በጽሑፋችሁ የለም።

ጅማ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ የዚህ አካባቢ ታሪክ ጅሬን ካለው ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚጀምር ይመስላቸዋል። ጅማ የዳሞት ግዛት ነበረች ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ሰሌዳው ላይ ዓባይን፣ ሙገርንና ግቤን ስዬ ዳሞትን በቦታው ሳስቀምጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር የሚያየው። ቤተሰቡ ከወላይታ የመጣ አንድ ልጅ «ሞቶሎሚ የኛ ንጉሥ ነው፤ አያቴ ስሙን ይጠራዋል» አለ። እውነቱን ነው፤ የወላይታ ሕዝብ ሞተለሚን፣ ሞቶሎሚ ብሎ፣ በነገሥታቱ የዘር ሐረግ ውስጥ ይቆጥረዋል። ጽሑፋችሁ ይህንንም ሊያነሣ ይገባው ነበር።

ካርታውን አርማችሁ፣ የመጀመሪያው በወጣበት ገጽና ስፋት እንድታትሙት እጠይቃለሁ። ለታኅሣሥ 24፣ ለልደታቸው በዓል፣ ስለ ዳሞት ብቻ የሚናገር ጽሑፍ ብታዘጋጁ ደግሞ ለተማሪዎቼ አባዝቼ አድላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የታሪክ መምህር፣ ከጅማ