ለካይሮዋ አብሮ አደጌ

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ዘወትር አያታለሁ። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ድምፅዋ ያው ነው፤ ገና በሩን ሳልገፋ «ቡና ሳትጠጪ እንዳትሄጂ!» ትለኛለች።

ወንድምሽ ሰሞኑን አግኝቶኝ «እህቴ ድሬ እንደ ድሮዋ ናት ወይ ብላ ጠይቃኛለች፣ ምን ልበላት?» አለኝ። እኔ እጽፍላታለሁ አልኩት። ስንት ዓመት በበዓል በበዓል አጭር ሰላምታ ብቻ ስንለዋወጥ ኖርን። ይኼ ጥያቄ ግን በሁለት መስመር የሚመለስ አይደለም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደ ድሮዋ አይደለችም። በጥር 2011 በጥምቀት ማግስት ከተማው ሲረበሽ በኛ መንደር ማንም ማንንም አልነካም። ግን አንድ ነገር ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሰው ሰላምታውን አሳጠረ። ቡና የሚጠራራው እየለየ ሆነ። ልጆች የማያውቁትን ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ፤ «እነ እንትና ምንድን ናቸው?» የሚል። እኔና አንቺ ስናድግ ይህን ማን ይጠይቅ ነበር?

የእርቅ ስብሰባዎች ተደረጉ። የሃይማኖት አባቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው መልካም ቃል ተናገሩ፤ መናገራቸውም ይገባል፣ አላቃልለውም። ግን ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። ማግስቱን አብሮ የሚያውል ሥራ አልነበረንም። እኔ ዛሬ የምጽፍልሽ ያንን ሥራ የት እንዳገኘነው ነው፦ ቆሻሻ ላይ።

የዚያው ዓመት ክረምት በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ገባ። እዚያም ሰምተሽ ይሆናል፤ በከተማችን ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታሞ ተመዝግቧል። በ2006 ዴንጊ ሲገባ 11 ሺህ ያህል ሰው ነበር የታመመው፤ ይኼኛው ግን ቤት አልመረጠም። ጎረምሳው እንደ ሽማግሌ ጎብጦ በግድግዳ እየተደገፈ ይሄድ ነበር። የጤና ባለሙያዎች እየዞሩ ነገሩን አስረዱን። ትንኟ ቀን ቀን ነው የምትናከሰው፤ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይበቃም። የምትራባውም በረጋ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነው፤ በተጣለ ጎማ፣ በተሰበረ ጀሪካን፣ በሃይላንድ፣ ክዳን በሌለው በርሜል። የድሬን ውሃ ታውቂዋለሽ፣ ስለማይበቃ በየቤቱ ይጠራቀማል። የተረፈውን ደግሞ ጓሮና ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የጣልነው ጥራጊ ያቁረዋል።

እድራችን ያንን ለመምከር በተሰበሰበበት ቀን እናትሽ በሩ ላይ ቆመች። የእድር ስብሰባ ላይ የአፎሻ፣ የሙስሊሞቹ እድር፣ እናት! ሁሉም ዝም አለ። እሷ እንዲህ አለች፦ «እኛ በአፎሻችን እንቀብራለን፣ እናንተ በእድራችሁ ትቀብራላችሁ። በዚህ አልመጣሁም። ግን የናንተ ግቢ ውሃ ካቆረ የኔ ልጅ ነው የሚታመመው። የኛ ካቆረ የናንተ።» በዚያው ሳምንት የእድሩ ሰብሳቢና የአፎሻው ሰብሳቢ አብረው ቤት ለቤት ዞሩ።

መጀመሪያ ቀኑን መቁረጥ ነበረብን። ዓርብ ለጁምዓ፣ እሑድ ለቅዳሴ፣ ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፣ ጋሪው በየተራ ይገፋል፣ ጎማውና ጀሪካኑ ይለቀማል፣ በርሜሉ ይከደናል። ጋሪና ጓንት መግዣ እያንዳንዱ ቤት ትንሽ ትንሽ ያዋጣል። ጫት ሻጮች ጋራባቸው (የጫት ትራፊያቸው) ብዙ ስለሆነ ትንሽ ይጨምራሉ፤ እሱንም ቢሆን አብዛኛውን ፍየሎቹ ናቸው የሚጨርሱት። በ2014 እና በ2015 ረመዳንና ሁዳዴ ሲገጣጠሙ ሁለታችንም ጾመኛ ነበርንና ሥራው ከፈጅር ሶላት ወዲያው፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ ይጀመር ተባለ። ያንን ሰዓት ማንም አላዘዘንም፣ ተነጋግረን ነው ያገኘነው።

ከባዱ ነገር እርዱ ነበር። አንዳችን ከሌላው እርድ እንደማንበላ ታውቂያለሽ። በፋሲካና በአረፋ ማግስት ግን ፈርሱ፣ ሰኮናው፣ ቀንዱ፣ ቆዳው ሁሉ አንድ ጋሪ ላይ ሊጫን ነው። የክርስቲያን እርድ ፈርስ የሙስሊም ልጅ ይሸከማል ወይ? የሙስሊሙንስ የክርስቲያን ልጅ? እናቶች ፊታቸው ጠቆረ። ሥራው እዚያ ላይ ይፈርሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን አልተቻኮሉም። ሼኹንም ቄሱንም ለየብቻ ጠየቋቸው። ሼኹ መብላት ሌላ፣ መንገድ ማጽዳት ሌላ ነው ብለው ነቢዩ ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማንሳት ከእምነት ቅርንጫፎች አንዱ ነው ማለታቸውን አስታወሱ። ቄሱም ጠረጋ ማንንም አያረክስም አሉ። ያም ሆኖ የእናቶች ልብ በአንድ ቀን አልረጋም፣ ሊረጋም አይገባውም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት እያንዳንዱ ቤት የራሱን በማዳበሪያ አስሮ፣ አመድ ነስንሶ፣ የራሱ ልጆች ወስደው ጫኑት። በኋላ ግን ልጆቹ ራሳቸው እየተጋገዙ መለየቱን ተዉት።

ቆዳው ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ዋጋው ከወደቀ ወዲህ ገዢ ጠፍቶ በበዓል ማግስት መንገድ ላይ ሲሸት እንደሚውል ታስታውሺ ይሆናል። አንድ የቆዳ ነጋዴ ቶሎ በጨው ከታሸና ብዛት ካለው እወስዳለሁ አለን። አሁን የፋሲካውም የአረፋውም ቆዳ በአንድ ቦታ በጨው ታሽቶ ይሸጣል፤ ብሩ ወደ ጋራ ሣጥኑ ይገባል። ዘንድሮ የጋሪው ጎማ የተቀየረው በዚያ ብር ነው።

እዚህ ላይ የማምነውን ልንገርሽ። መቻቻል ሲባል ብዙ ሰው ልዩነታችንን እንርሳ ማለት ይመስለዋል። እኛ ምንም አልረሳንም። ዛሬም አንዳችን ከሌላው እርድ አንበላም፣ ብላም የሚል የለም። የጎረቤቴ ድንበር የት ድረስ እንደሆነ ግን አሁን በደንብ አውቃለሁ፤ እሷም የኔን ታውቃለች። ሳላውቀው ከምፈራው ይልቅ አውቄው የማከብረው ይሻላል።

ሌላም አለ። ጥራጊውን ሲለዩ ልጆቹ የተቀደደ የቁርኣን ገጽ፣ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ ያገኙ ነበር። አንድ ቀን አንዱ የኛ ልጅ ዓረብኛ የተጻፈበትን ወረቀት አንስቶ፣ አራግፎ፣ ግንብ ላይ አስቀመጠው። ማንም አላዘዘውም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ንጹሕ ከረጢቶች ጋሪው ጎን ላይ ተሰቅለዋል። አንደኛው መስጂድ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያን፤ እነሱ እንደ ሥርዓታቸው ያደርጉታል። በዚህ ከተማ ስለ ሃይማኖት ከተነገረው ሁሉ ልቤን የነካኝ እነዚያ ሁለት ከረጢቶች ናቸው።

ሁሉ ነገር ተሳክቷል ብዬ አልዋሽሽም። ገንዳው የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ክፉኛ ተጣልተናል። ለመስጂዱ በር ይቀርባል ሲባል ተቆጡ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ይቀርባል ሲባል ደግሞ የኛዎቹ ተነሱ። መጨረሻ የእድሩ ድንኳን የሚቀመጥበት መጋዘን ጎን ሆነ፤ የእድሩ አባላት ሽታውን ተቀበሉ፣ አፎሻው ደግሞ ሥሩን በሲሚንቶ አስለሰነ። የሚያነሳው መኪና ሲዘገይ ገንዳው ሞልቶ ይፈሳል፣ ያኔ አንዳንዱ ሰው በጨለማ ወደ ደቻቱ ይወረውራል። ይህ ያናድደኛል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 በዚያ አሸዋ ላይ የመጣውን ጎርፍ አንቺም አትረሺውም። ከ250 የማያንስ ሰው ነው የወሰደብን። ዝናቡ ከደጋ ነው የመጣው፣ ቆሻሻ አይደለም ያመጣው። ቢሆንም የውሃን መንገድ በገዛ እጅ ማጥበብ ለምን?

ይህን ሁሉ ስጽፍ ያንቺ ከተማ ትዝ ይለኛል። ሙቀጠም ተራራ ሥር፣ መንሺየት ናስር ውስጥ ስለሚኖሩት የካይሮ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች አንብቤያለሁ። አብዛኞቹ ቅብጦች፣ የግብፅ ክርስቲያኖች፣ ናቸው፤ ወላጆቻቸውና አያቶቻቸው ከላይኛው ግብፅ እኤአ በ1940ዎቹ የመጡ። የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ቤት ጥራጊ ተሸክመው፣ ለይተው፣ ብዙውን መልሰው ጥቅም ላይ ያውሉታል። እኤአ በ2009 መንግሥት በአሳማ ጉንፋን ምክንያት ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ አሳማዎቻቸውን ሲያሳርድ የምግብ ትራፊውን የሚበላ ጠፍቶ የካይሮ መንገድ በቆሻሻ ተጥለቀለቀ። እነሱም በሃይማኖታችን ነው የተመታነው ብለው አዘኑ። እኔ ያየሁት ይህን ነው፦ አንዱ ወገን ሲጥል ሌላው ሲያነሳ ቢኖር ይፈላለጋሉ እንጂ አይተዋወቁም። ክፉ ቀን ሲመጣ የሚያነሳው ብቻውን ይቀራል። ለዚህ ነው የኛን ጋሪ በየተራ መገፋቱን አጥብቄ የምወደው። የእድሩ ሰብሳቢ የገፋበት ቀን አለ፣ የአፎሻው ሰብሳቢም እንዲሁ። ተሳስቼ ከሆነ አንቺ እዚያ ነሽና አርሚኝ።

በሚያዝያ 2014 የጎንደሩ ሐዘን፣ በቀብር ላይ በነበሩ ሙስሊሞች ላይ የደረሰው ጥቃት፣ የተሰማ ዕለት ስልኩ ሁሉ ነደደ። እውነቱም ውሸቱም ተቀላቅሎ ይመጣ ነበር፤ ወጣቶቹ መንገድ ዳር በቡድን በቡድን መቆም ጀመሩ። ያን ምሽት የአፎሻው ሰብሳቢ ለእድሩ ሰብሳቢ ደወለ። ቁጥሩን የያዘው ለቅዳሜው ሥራ ነበር። «የናንተን ልጆች አንተ ያዝ፣ የኛን እኔ እይዛለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት በጋሪው ዘንድ እንገናኝ» ተባባሉ። አንዳንዶቹ ልጆች ቀሩ፣ አልደብቅሽም። የመጡት ግን ጎን ለጎን ጠረጉ። እኔም ነበርኩ። ብዙ አልተነጋገርንም። በሚቀጥለው ሳምንት የቀሩትም መጡ።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለኝ። ሃይላንዱንና ጀሪካኑን ለይተን እያጠራቀምን ነው፤ ቁራሌዎች ግን በርካሽ ነው የሚወስዱብን። ወደ መንሺየት ናስር መሄድ ከቻልሽ ፕላስቲኩን በምን እንደሚለዩት፣ ሳይፈጩና ፈጭተው ሲሸጡት የዋጋው ልዩነት ስንት እንደሆነ፣ መፍጫው በኤሌክትሪክ ይሁን በናፍጣ ጠይቀሽ ጻፊልኝ። ቪዲዮ ብትልኪ ደግሞ ልጆቹ አይተው ይረዱታል። እናትሽም አንድ መልእክት ልካለች፤ ለመጪው ረመዳን መምጣት ባትችይ እንኳ ለአረፋ እንድትመጪ፣ ስትመጪም ጠንካራ የሥራ ጓንት እንድታመጪ ትላለች። የእጄን ልክ ታውቂዋለሽ፣ ለኔም አንድ ጥንድ።

ባለቤትሽን፣ ልጆችሽን ሳሚልኝ።

አብሮ አደግሽ