ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴር፦ የየትምህርት ቤቱን ውጤት ከ9ኛ ክፍል ምዝገባ በፊት አሳውቁን

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ዘንድሮ 8ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች፣ እግዜር ይመስገን። አሁን ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም፣ 9ኛ የት ትግባ ነው። አንዱ ዞን ከተማ ያለው በፈተና የሚቀበል አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፣ ጠበቅ ያለ ነው ይሉታል፣ እዚህ አንደኛ ይወጡ የነበሩ ልጆች እዛ ገብተው 60 እና 70 ሲያመጡ ደውለው ያለቅሳሉ። ሌላው እዚሁ ሰፈራችን ያለው ነው፣ በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች፣ ማታ ቤቷ ታድራለች፣ ማርክም አይሰስቱም። እናቷ እዚሁ ትሁን ባይ ናት፣ ገና ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ የማይሰሰተው ማርክ ነው። የጎረቤታችን ልጅ እዚሁ 11ኛ ይማራል፣ እስቲ ደብተርህን አምጣ ብዬ ገለጥኩት፣ ፊዚክሱ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሟል ከዛ በኋላ ባዶ ወረቀት ነው፣ አስተማሪው ለቆ ሄዶ ምትክ አልመጣም አለኝ፣ ካርዱ ላይ ግን ፊዚክስ 91 ይላል። 91ዱ ከየት መጣ? ልጁ ምን አጠፋ፣ ጎበዝ ነኝ ብሎ አምኖ ነው የተቀመጠው፣ እናት አባቱም እንደዛው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናው ከ2014 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥ ጉዱ ፈጦ ወጣ። በዛ ዓመት 50 ከመቶ እና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4 ነው። በ2015ም በ2016ም ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም፣ ይሄን የነገራችሁን እናንተው ናችሁ። ኩረጃውን መዝጋታችሁን ከልቤ እደግፋለሁ፣ ቢመረንም እውነቱን አይተናል። ግን እነዛ ትምህርት ቤቶች የትኞቹ ናቸው? የኛ አለበት የለበትም? ሀገር አቀፉን ቁጥር በቲቪ እንሰማለን የምናስመዘግበው ግን አንድ ትምህርት ቤት ነው፣ እሱን በተመለከተ እጃችን ላይ ያለው ካርድ ብቻ ነው።

ዳታው እናንተ ጋ አለ። ተማሪው ቁጥሩን አስገብቶ ውጤቱን በቴሌግራም ሳይቀር ያያል፣ ስለዚህ ይሄን በትምህርት ቤት ደምሮ ማውጣት የሚከብድ አይመስለኝም። ስንት ተፈተነ፣ ስንት አለፈ፣ ስንቱ ሬሜዲያል (ሳያልፉ ለቀሩት የሚሰጠው ማካካሻ ትምህርት) ገባ፣ የትኛው ትምህርት አስተማሪ የለውም፣ ይሄ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍልን።

አዳሪ ትምህርት ቤት መከፈቱ ጥሩ ነው ግን ጥቂት ልጅ ነው የሚይዘው፣ እኔ ልጄን ብልክ እንኳን የጎረቤቴ ልጅ እዚሁ ነው የሚቀረው፣ አቅም የሌለው ወላጅ ደግሞ ለመግቢያ ፈተናው መሄጃ ትራንስፖርትም ያጥረዋል። ውጤቱ ቢለጠፍ ቢያንስ ወላጅ ኮሚቴው ይዞት ይከራከራል፣ የፊዚክስ አስተማሪ አምጡልን ብሎ ይጠይቃል፣ አሁን ግን ሁሉም 90 ስላመጣ ማን ምን ብሎ ይጠይቅ?

ወረዳችን ሄጄ ጠይቄ ነበር፣ ከላይ ካልታዘዝን አንሰጥም አሉኝ። እባካችሁ ምዝገባው ሳይጀመር ትዕዛዙን አውርዱላቸው።