እንጦጦን የት አደረሱት?

ለክፍለ ከተማችን የፕላን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱ መዝገብ ቤትዎ ገብተው፣ ማኅተም ተመትቶባቸው፣ «ለሚመለከተው ይመራ» ተብሎባቸዋል። የሚመለከተውን ሰው ግን እስከ ዛሬ ያየው የለም። ጸሐፊዎም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ማለት ሰልችቷት፣ አሁን እኔን ስታይ ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች።

የሰፈራችን የአካባቢ ልማት ፕላን ግድግዳችሁ ላይ ተሰቅሏል፤ ደጅ ስጠና ጊዜ ስለ ተረፈኝ በደንብ አየሁት። ቤቱ፣ መንገዱ፣ የመኪና ማቆሚያው ሳይቀር በየቀለሙ አለ። ከቀዩ የወሰን መስመር ወዲያ ወረቀቱ ነጭ ነው። በራችንን በከፈትን ቁጥር ፊታችን የሚገተረው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እንጦጦ የለም። ጅረታችን ከነጩ ወረቀት ይነሣና መስመሩን ሲያልፍ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ሕፃን ልጅ ተጎንብሶ የማያልፍበት ቱቦ። ዋናው መንገድ ደግሞ ዳገቱን ተጠማዝዞ በመውጣት ፈንታ በማስመሪያ ቁልቁል ተሰምሯል።

የሐምሌ ገብርኤል ማግስት ሌሊት ቱቦው በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና በጭቃ ተደፈነ። ውሃውም የተሰመረለትን አዲስ መንገድ ይዞ ወረደ። ባትሪ አብርተን ጎረቤታችን እማማ ቤት ስንደርስ፣ የሊጥ ቡሃቃቸው ከነክዳኑ ሳሎኑ መካከል ይንሳፈፋል። እማማ አልጋቸው ላይ ቆመው «ይህ ውሃ ድሮ በዚያ በኩል ነበር የሚሄደው» ይላሉ፤ ደጋግመው። የጠየቃቸው አልነበረም። ያን ሌሊትም፣ ፕላኑ ሲሠራም።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ የሕዝብ ተሳትፎንና የከተማና የገጠር ትስስርን ከመርሆዎቹ እንደሚቆጥር ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከተማው በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ አለማለሁ ብሎ ተነሣ፤ የእርስዎ ቢሮ ከላይ ጅረቱን ይቀብራል። ታች ለማስዋብ የሚቀረው ምን እንደሆነ እንጃ።

አሁን ደግሞ በቀዩ መስመር ላይ ግንብ እየቆመ ነው። ቅጠል ተሸክመው ከተራራው የሚወርዱት ሴቶች የእግር መንገዳቸው ተዘግቶ፣ ጎብጠው ግንቡን ሲዞሩ በየቀኑ አያለሁ። ፕላኑ ላይ እነሱም የሉም።

ፕላኑን እስከ ተራራው ጫፍ አስረዝመው ያሠሩት። ጅረቱን ይክፈቱት፤ ለእግረኛም በር ይተዉ። አይሆንም ካሉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይላኩልኝ። አድራሻዬ በሦስቱም ደብዳቤዎች ላይ አለ።