ለሎርን ባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞችና ለከተማዋ ነዋሪዎች የቀረበ ምስጋና

ልጃችንን ከባሕር አውጥታችሁ ለሰጣችሁን የሎርን ነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች፣ ለአምቡላንስ ሠራተኞች፣ ለሆስፒታሉ ሐኪሞችና ነርሶች፦ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈላችሁ። ልጁ በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛል።

ምስጋናችንን በአማርኛም የምንጽፈው፣ በየበጋው ከሜልበርን ተነሥቶ ቶርኪን፣ አንግልሲንና ነጩ የመርከብ መብራት ማማ የቆመበትን ኤሪስ ኢንሌትን እያለፈ ሎርን የሚወርድ ወገናችን ብዙ ስለሆነ ነው። የተደረገልን ነገር ምን እንደሆነ በዝርዝር ይወቀው።

ልጁ የገባው ጠባቂዎች የሚከታተሉትን የመዋኛ ቦታ በሚያመለክቱት ቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መካከል ነበር። ነገር ግን ወደ ጎን የሚሄደው ውኃ ቀስ በቀስ ከመስመሩ አወጣውና ሪፕ የሚባለው ጅረት ያዘው። ማዕበል ወደ ዳር የገፋው ውኃ መመለሻ ይፈልጋል፤ በአሸዋ ክምሮች መካከል ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ በዚያ በኩል ወደ ባሕር ይሮጣል። እዚያ ላይ ማዕበሉ እምብዛም ስለማይሰበር ውኃው ጠቆር ያለና የረጋ ይመስላል፤ ብዙ ወላጅ ለልጁ የሚመርጠው ይህንኑ ቦታ ነው። ጅረቱ ሰውን ወደ ታች አይስብም፣ ከዳር ያርቃል እንጂ። የሚገድለው ፊት ለፊት ታግሎ ለመመለስ ሲሞክሩ የሚመጣው ድካም ነው።

በጎ ፈቃደኞቹ ጠዋት ልጆቹን ሰብስበው «ከተወሰዳችሁ አትታገሉ፤ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ አንድ እጃችሁን አንሡ» ብለው ነበር። ልጁም ያንኑ አደረገ። እኛ መጮህ ሳንጀምር ጠባቂዋ አይታው የመንሳፈፊያ ሰሌዳዋን ይዛ ገብታ ነበር። ባልደረባዋ የሞተር ጀልባውን አስነሣ፤ ሌላው ደግሞ ዘመዶቹን ውኃው ዳር አገዳቸው። ለዚህ ሦስተኛው ልዩ ምስጋና አለን። ልብሱን እንደለበሰ ሊያድን የሚዘል ዘመድ አብሮ ይሰጥማል፤ የረጠበ ቀሚስና ሱሪ ክንድና እግር ያስራል። ከዳር ሆኖ የሚንሳፈፍ ነገር መወርወርና ሰው መጥራት ይበልጣል።

ዳር ከደረሰ በኋላ በጎኑ አስተኝተው ኦክስጅን ሰጡት፣ በብርድ ልብስም ጠቀለሉት። እየተናገረ ስለነበር ወደ ቤት ሊወስዱት ያሰቡ ነበሩ። ባለሙያዎቹ ግን ውኃ ወደ ሳንባው የገባ ሰው ከሰዓታት በኋላ ሊብስበት እንደሚችል አስረድተው ሆስፒታል እንዲታይ አጥብቀው አሳሰቡ። በአውስትራሊያ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር በሆነው 000 ላይ ስልኩን ያነሡት ሠራተኛ «አማርኛ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ አስተርጓሚ አገናኙን። እንግሊዝኛው ያልቀና እናትና አባት በዚህ ምክንያት ከመደወል እንዳያመነቱ።

የሎርን ነዋሪዎች ሻይ ይዛችሁ፣ ደረቅ ልብስ ይዛችሁ መጣችሁልን፤ እናመሰግናለን።

በዚሁ መንገድ ወደ ምዕራብ ለሚገኙት የፖርት ካምቤል በጎ ፈቃደኞችም አንድ ቃል አለን። እ.ኤ.አ. በ2019 በፈረንጆች ፋሲካ ዕለት በሸርብሩክ ወንዝ መግቢያ የተወሰደ ጎብኚ ለማዳን የወጡ አባትና ልጅ ጀልባቸው ተገልብጦ ሞተዋል። ጎብኚው ተርፏል። ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው ዋጋ እስከዚህ ድረስ መሆኑን አውቀን፣ ለቤተሰባቸው አክብሮታችንን እንገልጻለን። አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የሚባሉትን ዐለቶች ለማየት የምትሄዱ ቤተሰቦች፣ በዚያ በኩል ያለው ባሕር ከሎርን እጅግ ይከፋልና ጠባቂ በሌለበት ውኃ አትግቡ፤ ከገደሉ አጥርም አትለፉ። የኖራ ድንጋዩ በውኃ እየተበላ ይናዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከዐለቶቹ አንዱ በቅጽበት ፈርሷል።

የሎርን ወዳጆቻችን፣ ለመሣሪያ መግዣ ያዋጣነውን ገንዘብ ለክበባችሁ እናስረክባለን። ከልጆቻችን መካከልም በመጪው በጋ ከእናንተ ዘንድ ለመሠልጠን የተመዘገቡ አሉ።

በሜልበርን የምንኖር የጉዞው ቤተሰቦች